ሚንግን የጣለው ማን ነው?

ጠያቂያችን እንዲህ ብለዋል፦ «የቻይና የሚንግ ነገሥታት ታላቁን ግንብ ገንብተዋል። መርከቦቻቸው እስከ አፍሪካ ደርሰዋል። የቤጂንግ ቤተ መንግሥታቸው ዛሬም ይጎበኛል። ታዲያ እንዲህ ያለ መንግሥት በቁጥር ጥቂት በሆኑት ማንቹዎች እንዴት ተሸነፈ? ግንቡስ ለምን አላዳነውም? መሥራቹ ለማኝ ነበር የሚባለውስ እውነት ነው?»

ከመጨረሻው ልነሳ። አዎ፣ መሥራቹ ለማኝ ነበር። ሚንግን የጣሉት ግን ከሰሜን ምሥራቅ የመጡት ማንቹዎች አይደሉም። ማንቹዎች ቤጂንግ ሲገቡ የሚንግ ንጉሠ ነገሥት ከሞተ ስድስት ሳምንት ሆኖት ነበር። መንግሥቱ የወደቀው ለገዛ ወታደሩ የሚከፍለው አጥቶ ነው። አገሩ ደሃ ሆኖ አይደለም፤ በዘመኑ ቻይና ከዓለም ሀብታም አገሮች አንዷ ነበረች። የችግሩ ሥር ያ ለማኝ ከነገሠ በኋላ በደግ ልብ ያወጣቸው ሕጎች ናቸው። ደግ ልብ ያልኩት አውቄ ነው። ሰውየው ጨካኝ ነበር፤ ስለ ረሃብ ያወጣቸው ሕጎች ግን ከእውነተኛ ሐዘን የወጡ ናቸው። ለዚህ ነው ታሪኩ እስካሁን የሚያሳዝነኝ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችና ቀኖች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሰውየው ዡ ዩዋንዣንግ ይባላል። በ1328 ዛሬ ፌንግያንግ በሚባለው አካባቢ፣ በሁዋይ ወንዝ ዳር አገር ተወለደ። ወላጆቹ የራሳቸው መሬት የሌላቸው ጭሰኞች ነበሩ። ያኔ ቻይናን የሚገዙት ሞንጎሎቹ የዩዋን ነገሥታት ናቸው። በ1344 ድርቅ፣ አንበጣና ወረርሽኝ ተከታትለው መጡ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አባቱ፣ ታላቅ ወንድሙና እናቱ ሞቱ። እሱ ገና ጎረምሳ ነበር።

መቅበሪያ ቦታ አጡ። ባለመሬቱ ጮኾባቸው መለሳቸው። በመጨረሻ ቁራሽ መሬት የሰጣቸው አንድ ጎረቤት ነው። ይህን የምናውቀው ከራሱ አፍ ነው። ከነገሠ ከአሥር ዓመት በኋላ ለወላጆቹ መቃብር ሐውልት ሲያቆም፣ የቤተ መንግሥት ጸሐፍት አሳምረው ያዘጋጁትን ጽሑፍ አልወደደውም። ብዕር አንስቶ ራሱ ጻፈ። የሬሳ ሣጥን እንዳልነበረ፣ አስከሬኑን በአሮጌ ልብስ ሸፍነው ሦስት ጫማ በማይሞላ አፈር እንደቀበሩት፣ ለሙታን የሚቀርብ ምግብም መጠጥም እንዳልነበራቸው በድንጋይ ላይ አስቀረጸ። ድንጋዩ ዛሬም ፌንግያንግ ውስጥ አለ። ንጉሠ ነገሥት ድህነቱን እንዲህ አደባባይ ሲያወጣ ብዙ አላየሁም።

ከቀብሩ በኋላ በአቅራቢያው ወዳለ የቡድሃ ገዳም ተጠጋ። እየጠረገ፣ ዕጣን እያጨሰ ሊኖር ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላው ገዳሙም እህል አለቀበትና መነኮሳቱን ለልመና አሰናበታቸው። ልጁ ለሦስት ዓመት ያህል ጽዋውን ይዞ ከከተማ ከተማ፣ ከደጅ ደጅ ዞረ።

በዚያው ጊዜ የሞንጎሎቹ መንግሥት እየተናጋ ነበር። ቢጫ ወንዝ ግድቡን ሰብሮ ሰፊ አገር አጥለቀለቀ። ወጪውን ለመሸፈን የወረቀት ገንዘብ ያለ ልክ ታተመና ዋጋ አጣ። በ1351 ወንዙን ወደ ቦታው ለመመለስ 150,000 ያህል ሠራተኛ በግዳጅ ተሰበሰበ። የተራበና የተበሳጨ ሰው አንድ ቦታ ሲከማች የሚሆነው ሆነ፤ ቀይ ጥምጥም የሚያስሩ አማጺያን ተነሱ። ዡ በ1352 ተቀላቀላቸው። በ1356 ናንጂንግን ያዘ። በ1363 ዋና ተቀናቃኙን በፖያንግ ሐይቅ ላይ በትልቅ የመርከብ ውጊያ ደመሰሰ። በ1368 መጀመሪያ ናንጂንግ ላይ ዘውድ ደፋ። በዚያው ዓመት ጦሩ ዛሬ ቤጂንግ የምንላትን ከተማ ሲደርስ የሞንጎሎቹ ንጉሥ ወደ ሰሜን ሸሽቶ ነበር። የነገሠበት የዘመን ስም ሆንግዉ ነው፤ ከዚህ በኋላ በዚሁ እጠራዋለሁ።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን። ሆንግዉ ግብር ሰብሳቢን ከልቡ ይጠላ ነበር። ጭሰኛ ሆኖ አይቶታል። ስለዚህ ሹማምንት ገበሬው ቤት እንዳይደርሱ አድርጎ አገሩን አዋቀረ። በየመንደሩ 110 አባወራዎች አንድ ላይ ይመዘገባሉ። ከእነሱ መካከል የተሻለ አቅም ያላቸው አሥሩ በየዓመቱ እየተፈራረቁ ግብሩን ራሳቸው ይሰበስባሉ። የመሬቱ ካርታና የሰዉ ቆጠራ በመዝገብ ሰፈረ። የየአካባቢው የግብር ልክም ተወሰነ። ልኩ ዝቅተኛ ነበር፤ በአገር አቀፍ ደረጃ በዓመት ወደ 30 ሚሊዮን ስፍር እህል ይደርሳል። አንዱ ስፍር ወደ 100 ሊትር ይጠጋል።

ለዘመኑ መልካም ነበር። ገበሬው አረፈ፣ ጠፍ መሬት ታረሰ። ችግሩ ልኩ ድንጋይ ላይ እንደተጻፈ መቅረቱ ነው። ከ200 ዓመት በኋላም የመሬት ግብሩ ከዚያ ቁጥር ብዙም አልራቀም። በዚህ መካከል ግን ሕዝቡ ከ60 ሚሊዮን ገደማ ተነስቶ፣ ብዙ ተመራማሪዎች እንደሚገምቱት፣ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። አዲስ መሬት ታርሷል፣ ንግድ ሰፍቷል፣ ከተሞች ጠግበዋል። የመንግሥቱ ገቢ ግን ባለበት ቆመ።

ለሠራዊቱም እንዲሁ አሰበ። ወታደር የወታደር ልጅ እንዲሆን ደነገገ። ለእያንዳንዱ ጦር ሰፈር መሬት ሰጠ፤ እያረሱ ራሳቸውን ይመግቡ አለ። ከሕዝቡ አንዲት ፍሬ ሩዝ ሳልነካ ሚሊዮን ወታደር አኖራለሁ ብሎ ይኮራ ነበር። ለአንድ ትውልድ ያህል ሠራ። ከዚያ መኮንኖቹ መሬቱን ለራሳቸው ያዙት። ወታደሩ የአለቃው አራሽ ሆነ። መዝገቡ ላይ ስሙ አለ፣ ሰፈሩ ውስጥ ግን የለም፤ ብዙዎቹ ጠፍተዋል።

ከሁሉ የከፋው ለልጆቹ ያወጣው ሕግ ነው። ሆንግዉ 26 ወንዶች ልጆች ወለደ። ወላጆቹ በረሃብ ሲሞቱ ያየ አባት ዘሩ ዳግመኛ እንዳይራብ ቃል ገባ። የወንድ ዘሩ ሁሉ፣ እስከ መጨረሻው ትውልድ፣ ከመንግሥት ቀለብ ይሰፈርለታል። በምላሹ ንግድ አይነካም፣ አያርስም፣ ለሹመት ፈተና አይቀመጥም። ያለፈቃድ ከተሰጠው ከተማ አይወጣም። ሥራቸው መብላትና መውለድ ሆነ። ወለዱም። በ1562 ሊን ሩን የተባለ የመንግሥት ተቆጣጣሪ ሒሳቡን ለንጉሠ ነገሥቱ አቀረበ። ከመላ አገሪቱ ወደ ዋና ከተማው በዓመት የሚገባው እህል 4 ሚሊዮን ስፍር ነው። ለመሳፍንቱ የሚገባው ቀለብ ደግሞ 8.53 ሚሊዮን ስፍር። ሄናን በምትባለው ጠቅላይ ግዛት እዚያው እንዲቀር የተመደበው እህል በሙሉ ቢሰጥ እንኳ የመሳፍንቱን ግማሽ አይሸፍንም ነበር።

ይህን ሒሳብ ያየ ሰው ሕጉ ለምን አልተሻረም ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ሆንግዉ ያን መንገድ ዘግቶት ሄዷል። ለዘሩ የጻፈው የቤተ ሰብ መመሪያ ነበር፤ አንድም ቃል እንዳይለወጥ አዟል። በ1380 ጠቅላይ ሚኒስትሩን ሁ ዌይዮንግን በሴራ ጠርጥሮ ገደለ። ሹመቱን ጭምር አጠፋው። ወደፊት ጠቅላይ ሚኒስትር ይሾም ብሎ የሚጠይቅ ሰው እየተቆራረጠ እንዲገደል፣ ቤተሰቡም እንዲጠፋ መመሪያው ውስጥ አሰፈረ። ከዚያ በተከታታይ ዘመቻዎች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሹማምንት፣ የጦር አለቆችና ቤተሰቦቻቸው አለቁ። የመንግሥቱ ሥራ ሁሉ አንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ወደቀ። በአንድ ወቅት በስምንት ቀን ውስጥ ከ3000 በላይ ጉዳይ ቀርቦለታል። እሱ ብረት ነበርና ቻለው። የልጅ ልጆቹ አልቻሉም።

እዚህ ላይ ስለ መርከቦቹ አጭር ነገር ልበል፤ ጠያቂያችን አንስተውታልና። የሆንግዉ ልጅ ዮንግሌ የወንድሙን ልጅ በጦር አውርዶ በ1402 ነገሠ። ዋና ከተማውን ወደ ቤጂንግ ያዛወረውና ዛሬ የሚጎበኘውን ቤተ መንግሥት የሠራው እሱ ነው። በ1405 ደግሞ ጃንደረባውን ዜንግ ሄን ከ27,000 በላይ ሰው ካሳፈሩ መርከቦች ጋር ወደ ህንድ ውቅያኖስ ላከ። እስከ 1433 ሰባት ጊዜ ወጡ። በኋለኞቹ ጉዞዎች ሞቃዲሾን፣ ባራዋንና ማሊንዲን ረግጠዋል። በ1415 ከማሊንዲ የመጣች ቀጭኔ ቤተ መንግሥት ስትገባ እንደ መልካም ዕድል ምልክት ተቆጠረች። እነዚህን ጉዞዎች ማቆማቸው የሚንግ ውድቀት መጀመሪያ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም። ጉዞው ለክብር እንጂ ለትርፍ አልነበረም፤ መርከቦቹ ይዘውት ከሚመለሱት ይልቅ በስጦታ የሚያድሉት ይበልጥ ነበር። ግብሩ ከላይ እንዳልኩት የታሰረ መንግሥት ይህን ለዘላለም ሊሸከም አይችልም ነበር።

ወደ ግንቡ ልምጣ። ብዙ ሰው ግንቡ ሚንግ ጠንካራ በነበረበት ጊዜ የተሠራ ይመስለዋል። ነገሩ ተቃራኒ ነው። ዮንግሌ ሞንጎሎቹን የሚገጥማቸው ሜዳቸው ድረስ ዘምቶ ነበር። በ1449 ግን የ21 ዓመቱ ንጉሠ ነገሥት በአንድ ጃንደረባ ምክር ራሱ ጦር መርቶ ወጣና ቱሙ በሚባል ቦታ ተማረከ። ጦሩ ተበተነ። ቤጂንግን ያዳናት የጦር ሚኒስትሩ ዩ ቺየን ነው። የተማረከው ንጉሥ ከዓመታት በኋላ ዙፋኑን መልሶ ሲይዝ የዩ ቺየን ዋጋ ሞት ሆነ። ከቱሙ በኋላ ቤተ መንግሥቱ ሜዳ ወጥቶ መዋጋትን ፈራ። ከሞንጎሎቹ ጋር ንግድ መክፈትንም ለረጅም ጊዜ እንደ ውርደት ቆጠረ። የቀረው ማጠር ነው። ዛሬ ቱሪስት ቤጂንግ አጠገብ የሚወጣበት የጡብና የድንጋይ ግንብ በአብዛኛው የ16ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ሥራ ነው። ከ1568 ጀምሮ ጄኔራል ቺ ጂጓንግ በላዩ ላይ ከ1000 በላይ ማማዎች አስገነባ።

ግንብ ግን በራሱ አይዋጋም። እያንዳንዱ ማማ ውስጥ ሰው ማደር አለበት። ያ ሰው መብላት አለበት። የዘር ወታደሮቹ ጠፍተዋል ብያለሁ። ስለዚህ ቅጥረኛ ወታደር መጣ። ቅጥረኛ ደግሞ የሚፈልገው ብር ነው።

እዚህ ብር ስል ማዕድኑን ማለቴ ነው፣ በሚዛን እየተመዘነ የሚከፈለውን። መለኪያው ታኤል ነው፣ ወደ 37 ግራም። ሆንግዉ በ1375 የወረቀት ገንዘብ አሳትሞ ነበር፤ በመቶ ዓመት ውስጥ ዋጋ አጣ። ሕዝቡ በራሱ ጊዜ ወደ ብር ዞረ። መንግሥቱም ቀስ በቀስ ተከተለው። ብሩ በብዛት ከጃፓን፣ ከ1571 ወዲህ ደግሞ ከአሜሪካ በማኒላ በኩል ገባ። የቻይና ሐርና ሸክላ ሸቀጥ ይወጣል፣ ብር ይገባል። ልዩ ልዩ ግብሮችና የጉልበት ግዴታዎች ተጠቃልለው በብር እንዲከፈሉ ተደረገ።

ይህን በመላ አገሪቱ ያስፋፋው ዣንግ ጁዤንግ ነው። ከ1572 እስከ 1582 ልጅ ለነበረው ንጉሠ ነገሥት ዋንሊ እንደ ሞግዚት ሆኖ አገሩን መራ። እኔ ከሚንግ ሹማምንት ሁሉ ለእሱ ትልቅ ቦታ እሰጣለሁ። መሬቱን እንደገና አስለካ። ግብር የደበቁ ባለርስቶችን አስመዘገበ። ሥራውን የማይሠራ ሹም ሒሳብ እንዲያቀርብ አደረገ። ሲሞት ግምጃ ቤቱ በብር፣ ጎተራው ለብዙ ዓመት በሚበቃ እህል ተሞልቶ ነበር። ጠላቶቹ ግን ብዙ ነበሩ፤ ለገዛ ኪሱም አላነሰም። ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ ዋንሊ ንብረቱ ይወረስ ብሎ አዘዘ። የአካባቢው ሹሞች አጣሪዎቹ ሳይደርሱ የቤቱን በር ከውጭ ዘጉት። በሩ ሲከፈት ከቤተሰቡ ከአሥር የሚበልጡ ሰዎች በረሃብ ሞተው ተገኙ። የበኩር ልጁ ራሱን ሰቀለ። ከዚያ ወዲህ የግብርን ነገር የሚነካ ሹም ምን እንደሚጠብቀው አየ።

ዋንሊ ራሱ ከሹማምንቱ ጋር ተኳረፈ። የሚወዳትን ዕቁባቱን ልጅ ማንገሥ ፈለገ፤ ሹማምንቱ በኩሩ ይቅደም ብለው ለ15 ዓመት ያህል ተሟገቱት። አሸነፉት። እሱም አኮረፈ። ችሎት መቀመጥ ተወ። የሞተ ወይም የለቀቀ ሹም ቦታ አይሞላም፤ መሥሪያ ቤቶች ያለ ኃላፊ ቀሩ። ጠቅላይ ሚኒስትር በሌለበት አገር ንጉሡ ሥራ ካቆመ ሁሉም ነገር ቆመ ማለት ነው። ሳያነግሠው የቀረውን ልጁን ግን በሀብት ካሰው። ለሠርጉ 300,000 ታኤል፣ ሉዎያንግ ለሠራለት ቤተ መንግሥት 280,000 ታኤል ወጣ። የተመደበለት መሬት በአንድ ጠቅላይ ግዛት አልገኝ ብሎ ከጎረቤት ግዛቶች ተወሰደለት። ይህን ልጅ አስታውሱት፣ እንመለስበታለን።

ማንቹዎች የሚመጡት አሁን ነው። በ1616 ኑርሃቺ የሚባል አለቃ በሰሜን ምሥራቅ ያሉትን ነገዶች አንድ አድርጎ ነገሠ። በ1618 በሚንግ ላይ ተነሳ። በ1619 ሳርሁ ላይ ከፍተኛ ቁጥር ያለው የሚንግ ጦር አራት ቦታ ተከፋፍሎ ሲመጣ አንድ በአንድ ሰበረው። ቤተ መንግሥቱ ለዚህ ጦርነት ልዩ ግብር ጣለ። በአንድ ሙ መሬት፣ ማለትም በሄክታር አሥራ አምስተኛ፣ ሲሶ ግራም ያህል ብር። በድምሩ በዓመት 5.2 ሚሊዮን ታኤል።

በወረቀት ሲታይ ቀላል ነው። ነገር ግን የተጣለው በመሬቱ ስፋት እንጂ በፍሬው አልነበረም። በደቡብ በዓመት ሁለቴ የሚታጨድ የሩዝ ማሳና በሰሜን ምዕራብ ያለው ደረቅ ኮረብታ እኩል ይከፍላሉ። የሹማምንትና የተማሩ ቤተሰቦች መሬት ደግሞ በልዩ ልዩ ዘዴ ከግብር ያመልጣል። ብዙ ገበሬ ከግብር ለመዳን መሬቱን በእነሱ ስም አስመዝግቧል። በመዝገብ ላይ ሸክሙ የቀረው ማምለጫ ያጣው ሰው ላይ ነው። ሌሎች ሁለት ተጨማሪ ግብሮች በ1637 እና በ1639 መጡ። አንዱ አማጺን ለመደምሰስ፣ ሌላው ወታደር ለማሠልጠን።

በ1628 ሻአንሺ በምትባለው ሰሜን ምዕራባዊ ግዛት ዓመቱን ሙሉ ዝናብ ጠፋ። ማ ማኦጻይ የተባለ የዚያው አካባቢ ተወላጅ ሹም በ1629 ያየውን ለቤተ መንግሥቱ ጻፈ። ሰዉ መጀመሪያ የተራራ ሣር ለቅሞ በላ። በጥቅምት ሣሩ ሲያልቅ የዛፍ ቅርፊት ላጠ፤ የሚሻለው የኤልም ዛፍ ቅርፊት ነበር። ቅርፊቱም ሲያልቅ ድንጋይ ቆፍሮ እየፈጨ በላ። ጥቂቱ ያጠግባል፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ግን ሆድ ተነፍቶ ይሞታል። ድንጋይ መብላት ያልፈለጉት ሌቦች ሆኑ። ግብር የሚጠየቀው ሰው ሲጠፋ ጎረቤቱ እንዲከፍል ይደረጋል፤ ጎረቤቱም ይጠፋል። ጽሑፉን በሰላ ዓይን ያነበበ ሰው ሚንግ እንዴት እንደሚወድቅ ከ15 ዓመት በፊት ያየዋል።

ያን ዘመን ብርድና ድርቅ በብዙ የዓለም ክፍል ጸንቶ ነበር። ስለዚህ ሁሉንም ነገር ለአየር ንብረት የሚሰጡ አሉ። የጃፓንና የማኒላ ብር በ1639 ገደማ መቀነሱን የሚያነሱም አሉ። ሁለቱም ጎድተዋል። ግን ሚንግ በመጀመሪያው መቶ ዓመቱም ድርቅ አይቷል፣ ጎተራም ነበረው። በ1628 ጎተራው ባዶ ነው። ብሩም ከመቀነሱ ከአሥር ዓመት በፊት ሰዉ ድንጋይ እየበላ ነበር።

በዚያው በ1629 መንግሥቱ ወጪ ለመቀነስ ብሎ የመልእክት ፈረስ ጣቢያዎችን ቆራረጠ። የተረፈው ብር ትንሽ ነው። እንጀራቸው የተዘጋባቸው ሠራተኞች ግን ብዙ ናቸው፤ ፈረስ መጋለብ የሚያውቁ፣ መንገዱን ሁሉ የለመዱ ጎልማሶች። በታሪክ እንደሚተረከው አንዱ የሻአንሺው ተወላጅ ሊ ዚቼንግ ነው። በ1630 ገደማ አማጺያኑን ተቀላቀለ። አንዳንዴ እያሸነፈ፣ አንዳንዴ በጥቂት ፈረሰኛ እያመለጠ ቆየ።

በ1641 መጀመሪያ ሉዎያንግ ደረሰ። ዋንሊ በሀብት የካሰው ያ ልጅ፣ የፉ መስፍን፣ እዚያ ነበር። ከተማዋን ሊጠብቁ የመጡ ወታደሮች መስፍኑ ከቤተ መንግሥቱ የበለጠ ሀብታም ሆኖ እኛን በባዶ ሆድ ወደ ሞት ይልከናል እያሉ በግልጽ ያጉረመርሙ ነበር። መስፍኑ የነገሩትንም አልሰማም። ከተማዋን ከውስጥ የከፈቱት ወታደሮች ናቸው። መስፍኑ ተገደለ። ሊ ዚቼንግ ጎተራውን ከፍቶ እህሉን ለተራበው አከፋፈለ። ተከታዩ ከዚያ ወዲህ እንደ ጎርፍ ሆነ። ሆንግዉ ዘሬ አይራብ ብሎ ያከማቸው እህል፣ የተራቡትን ለአማጺው ጦር መለመለ።

በዚህ ጊዜ ዙፋኑ ላይ ያለው ቾንግዤን ነው። በ1627 በ16 ዓመቱ ነገሠ። አባካኝ አልነበረም፤ ሰነፍም አልነበረም። ሲነግሥ አገሩን ያሸበረውን ጃንደረባ ዌይ ዞንግሺያንን አስወገደ። ሌሊት ድረስ ይሠራ ነበር። ሆኖም ማንንም አያምንም። በ17 ዓመት ውስጥ 50 ያህል ከፍተኛ አማካሪዎችን ሾሞ ሻረ። ማንቹዎችን በመድፍ መክቶ የመለሰውን የጦር አዛዥ ዩዋን ቾንግሁዋንን በክህደት ጠርጥሮ በ1630 ቤጂንግ ገበያ ላይ እየተቆራረጠ እንዲሞት ፈረደበት። ንጉሡ ክፉ ስለነበረ ነው ብዬ አላምንም። ያ ዙፋን የተሠራው ሁሉን ለሚጠረጥርና ሁሉን ብቻውን ለሚሸከም ሰው ነው፤ ቾንግዤን መጠርጠሩን ወረሰ፣ የሆንግዉን ጉልበት አልወረሰም።

በ1643 ቤጂንግን ወረርሽኝ መታት። በ1644 የካቲት ሊ ዚቼንግ ሺያን ከተማ ላይ የራሱን ሥርወ መንግሥት አውጆ ወደ ቤጂንግ ተነሳ። የከተማዋ ወታደሮች ለወራት አልተከፈላቸውም። ንጉሠ ነገሥቱ ከመኳንንቱና ከዘመዶቹ መዋጮ ለመነ። የንግሥቲቱ አባት መጀመሪያ የለኝም አለ፤ ሲጨነቅ ወደ 10,000 ታኤል ሰጠ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ አማጺያኑ እየገረፉ ከቤቱ ያወጡት ብር የዚያ ብዙ እጥፍ እንደነበር የዘመኑ ጸሐፊዎች መዝግበዋል።

ከተማዋ ሳትዋጋ ተከፈተች። ሚያዝያ 25 ንጋት ላይ ቾንግዤን ከቤተ መንግሥቱ ጀርባ ወዳለችው የጂንግሻን ኮረብታ ወጥቶ ራሱን ሰቀለ። አብሮት የሞተው ዋንግ ቼንግኤን የተባለ አንድ ጃንደረባ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ሌሊት ንግሥቲቱ ራሷን አጥፍታለች፤ እሱም በአማጺያን እጅ እንዳይወድቁ ብሎ ሴት ልጆቹን በሰይፍ መታቸው። አንዷ ክንዷ ተቆርጦ ተረፈች።

እንግዲህ ማንቹዎችና ግንቡ። ማንቹዎች በ1636 መንግሥታቸውን ቺንግ ብለው ሰይመው ነበር። ከ1629 ጀምሮ ደጋግመው ግንቡን በደካማ በሮች በኩል አልፈው ዘርፈው፣ ሰው ማርከው ተመልሰዋል። ማማ ላይ በቂ ሰው ከሌለ ግንብ ረጅም ድንጋይ ነው። አንድ ቦታ ግን በጉልበት ሊያልፉ አልቻሉም፤ ግንቡ ከባሕር የሚገናኝበት ሻንሃይጓን። እዚያ የሚንግ የመጨረሻው ጥሩ ጦር በዉ ሳንጉዪ ሥር ሰፍሮ ነበር። ንጉሡ ሞቷል፣ የዉ ሳንጉዪ አባት በሊ ዚቼንግ እጅ ነው፣ አማጺያኑ ቤጂንግ ውስጥ ሹማምንትን እያሠቃዩ ብር ይሰበስባሉ። ዉ ሳንጉዪ ከማንቹው መሪ ከዶርጎን ጋር ተስማማና በሩን ከፈተ። የሚወዳት ሴት ስለተወሰደችበት ነው የሚለው ትረካ በቻይና በጣም የታወቀ ነው፤ እኔ ግን ቤጂንግ ያሉ ሹማምንት የደረሰባቸውን ሰምቶ ያመዛዘነው ሒሳብ ይበልጣል ባይ ነኝ። ግንቦት 27 ሊ ዚቼንግ ተሸነፈ። ሰኔ 6 ማንቹዎች ቤጂንግ ገቡ። ዶርጎን ለቾንግዤን በንጉሥ ወግ ሐዘን እንዲደረግለት አዘዘ። ሦስቱን ተጨማሪ ግብሮች ደግሞ በዚያው ዓመት ሰረዘ። ሚንግ ምን እንደገደለው ከሚንግ ሹማምንት ይልቅ እሱ ቶሎ ገብቶታል።

ደቡቡ ግን ወዲያው እጅ አልሰጠም። ወንዶች ሁሉ ፀጉራቸውን በማንቹ ወግ ከፊት እንዲላጩ የወጣው የ1645 ትእዛዝ ተቃውሞውን አባሰው፤ በያንግዦው የደረሰው እልቂትም እስከ ዛሬ ይነሳል። የሆንግዉ ዘሮች አንዱ ሲወድቅ ሌላው እየነገሠ 18 ዓመት ተከላከሉ። የመጨረሻው ዮንግሊ እስከ በርማ ሸሽቶ ነበር። በርማዎቹ አሳልፈው ሰጡትና በ1662 ኩንሚንግ ላይ ታንቆ ተገደለ። የገደለው ያው የሻንሃይጓንን በር የከፈተው ዉ ሳንጉዪ ነው።